አገጭ ወደ ደረት፦ ስለ ሬስሊንግ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ሬስሊንግ ናቸው። ገሚሱ «እንዴት ይጀመራል?» ይላል። ገሚሱ የሚጠይቀው ዳንኤል ብራያን ስለሚባለው፣ በትክክለኛ ስሙ ብራያን ዳንየልሰን ስለሆነው አሜሪካዊ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መመለስ ይሻላል ብለናል። ሬስለር ከትንንሽ አዳራሾች ተነስቶ ትልቁ መድረክ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ለማሳየት ከዚህ ሰው የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«17 ዓመቴ ነው፤ ጂም እሠራለሁ፤ ክብደት ላይ ደህና ነኝ። ሬስሊንግ ትምህርት ቤት ብገባ መጀመሪያ የሚያስተምሩኝ ምንድን ነው? ከላይኛው ገመድ መዝለሉን በስንት ጊዜ እደርስበታለሁ?» (ከአዳማ)

መዝለሉን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ የምትማረው መውደቅ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ «በምፕ» ይባላል። ለሳምንታት ከሱ ሌላ ብዙም ነገር ላያሳዩህ ይችላሉ። ይህን ዘሎ በመጀመሪያው ቀን ገመድ ላይ የሚያወጣህ አሰልጣኝ ካጋጠመህ ሻንጣህን ይዘህ ውጣ።

አወዳደቁ እንዲህ ነው። ቁጢጥ ትላለህ። አገጭህን ደረትህ ላይ ትለጥፋለህ፤ ዓይንህ የቀበቶህን ዘለበት ማየት አለበት። እጆችህን ደረትህ ላይ ታጣምራለህ። ከዚያ ወደ ኋላ ትወድቃለህ። ወለሉን የሚያገኘው ሰፊው የላይኛው ጀርባህ ነው እንጂ መቀመጫህ፣ ወገብህ ወይም ማጅራትህ አይደለም። ጀርባህ ሲያርፍ ሁለቱ ክንዶችህ ከጎንህ 45 ዲግሪ ያህል ተከፍተው፣ መዳፍህ ወደ ታች ሆኖ፣ እኩል ወለሉን ይመታሉ። ትንፋሽህን በዚያው ቅጽበት «ሃ» ብለህ ታወጣለህ። ከቁጢጥ ሲሳካልህ ከቆምክበት ትወድቃለህ፣ ቀጥሎ ሰው ገፍቶህ፣ በስተመጨረሻ ሰው አንስቶ ወርውሮህ።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። አገጩን የለቀቀ ልጅ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተገርፎ ወለሉን ይመታል፤ አንጎል የሚናጋው በዚህ ነው። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ለመደገፍ የሞከረ ደግሞ የእጁ አንጓ ወይም ክርኑ ይሄዳል። ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ፣ ሥልጠናው በአብዛኛው ያንን ደመ ነፍስ ማጥፋት ነው። ትንፋሹን አፍኖ የወደቀ ለግማሽ ደቂቃ አየር አጥቶ ይንፈራገጣል። ይህኛው አደጋው ትንሽ ነው፤ ድንጋጤው ግን ብዙ ጀማሪ ያስቀራል።

ደግሞ ሪንጉ፣ በገመድ የታጠረው መድረክ ማለት ነው፣ ፍራሽ እንዳይመስልህ። ከሥር የብረት አግዳሚ አለ፤ በላዩ ጣውላ ይደረደራል፤ በጣውላው ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስፖንጅ ይነጠፋል፤ ከዚያ ሸራ ይወጠራል። በቃ። መሀሉ ትንሽ ይለጠጣል፤ ጠርዙ ግን ብረቱ ላይ ስለተቀመጠ ምንም አይሰጥም። ሬስለር ከገመዱ ውጭ ባለው ጠርዝ ላይ ሲወድቅ ካየህ እሱ በትክክል አሞታል። ትልቁ ኩባንያ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የሚጠቀመው በየጎኑ 6 ሜትር ያህል የሆነውን ነው፤ ትንንሾቹ አዘጋጆች ዘንድ 5 ሜትር ገደማ የሆነም ይገኛል። ገመዱም አንድ ዓይነት አይደለም። ደብልዩ ደብልዩ ኢ በፕላስተር የተጠቀለለ እውነተኛ ገመድ ይጠቀማል፤ ብዙ ቦታ ግን በጎማ ቱቦ የተሸፈነ የብረት ገመድ ነው።

ገመድ ላይ መሮጥ ሁለተኛው ትምህርት ነው። ከአንዱ ገመድ እስከ ማዶኛው በሦስት እርምጃ ትደርሳለህ፣ ትዞራለህ፣ ጀርባህንና ጎንህን ለገመዱ ትሰጣለህ። አንድ እጅህ የላይኛውን ገመድ መያዝ አለበት። ገመዱ ቢላላ ወይም ቢበጠስ ወደ ውጭ በጭንቅላትህ ከመሄድ የሚያድንህ ያ እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከብብትህ ሥር እስከ ጎድንህ ድረስ ጥቁር ሰማያዊ ሰንበር ይወጣብሃል፤ አትደንግጥ፣ ሁሉም ጋ ይወጣል።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። በአሜሪካ ግራ እጅህ የተጋጣሚህን ማጅራት፣ ቀኝህ ክርኑን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚሠራው በግራ ጎን ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ተቃራኒው ነው፤ በቀኝ ይሠራሉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሄደ ሰው ይህን ከረሳ ሁለቱም በአንድ ወገን ገብተው ግንባር ለግንባር ይላተማሉ።

ጂም ለሚሠራ ሰው አንድ ምክር፦ ከደረትህ ይልቅ አንገትህንና እግርህን ሥራ። ከላይኛው ገመድ ለመዝለል ወራት ይጠብቁሃል። ያም ቢሆን መጀመሪያ የምትማረው መዝለሉን ሳይሆን ከታች ሆኖ የሚዘልብህን ሰው መቀበሉን ነው።

«ከወንድሜ ጋር ተወራርደናል። ሬስሊንግ ውሸት ነው ወይስ እውነት?» (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)

ውርርዱን ሁለታችሁም አልበላችሁም። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ይህን የሚወስነው «ቡከር» የሚባለው ሰው ነው። ይህ ድሮ በጥብቅ ይደበቅ የነበረ ምስጢር ነው። ትልቁ ኩባንያ ራሱ በ1989 ለኒው ጀርዚ ምክር ቤት ሥራችን መዝናኛ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ። ይህን ያለው ለእውነት ብሎ ሳይሆን የስፖርት ኮሚሽኑ ቁጥጥርና ክፍያ እንዲቀርለት ነው።

አወዳደቁ ግን ውሸት አይደለም። 100 ኪሎ ሰው ከሁለት ሜትር በላይ ሲወረወር ስበቱ ድራማ አያውቅም። በተከፈተ መዳፍ ደረት ላይ የሚያሳርፉት ጥፊም ያማል፤ ቆዳው ሲቀላ ታየዋለህ። የእግር ምቱ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ የመቺው እጅ የራሱን ጭን ሲመታ የሚወጣ ነው። እግሩን አትመልከት፣ እጁን ተመልከት፤ ትይዘዋለህ።

«ዳንኤል ብራያን አጭር ነው፣ ግዙፍ አይደለም፣ ንግግሩም እንደነ ጆን ሲና አይደለም። እንዴት ነው እዚያ የደረሰው?» (ከባሕር ዳር)

ጥያቄው ውስጥ መልሱ ግማሽ አለ፤ ግዙፍ ስላልሆነ ሌላ ነገር መማር ነበረበት። ረጅም ታሪክ ነው፤ እንንገርዎ።

ብራያን ዳንየልሰን በ1981 በዋሽንግተን ግዛት አበርዲን በምትባል ከተማ ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰ በ18 ዓመቱ ወደ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ሄዶ ታዋቂው ሾን ማይክልስ የከፈተው ትምህርት ቤት ገባ። የመጀመሪያ ግጥሚያውን በኦክቶበር 1999 አደረገ። በ2000 ትልቁ ኩባንያ (ያኔ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ይባል ነበር) አስፈርሞት ሜምፊስ ወደሚገኘው የሥልጠና ቡድኑ ላከው። እዚያ ዊልያም ሪጋል የሚባል አንጋፋ እንግሊዛዊ ከአካል መቆለፍ እስከ ፊት ገጽታ አስተማረው። በ2001 ኩባንያው ከሜምፊስ ጋር ሥራውን ሲያቆም ልጁም ተሰናበተ። ሃያ ዓመት ገደማ፣ ሥራ የለም። ብዙ ሰው ከዚህ ሥራ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ቀጣዮቹ ስምንት ዓመታት ናቸው ሰውየውን የሠሩት። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2002 ፊላደልፊያ ውስጥ ሪንግ ኦፍ ኦነር የሚባል አዲስ ድርጅት የመጀመሪያ ዝግጅቱን ሲያቀርብ ዋናው ግጥሚያ ላይ ከሎ ኪና ከክሪስቶፈር ዳንየልስ ጋር ነበረ። ከዚያ ኒው ጃፓን የሚባለው የጃፓን ድርጅት ሎስ አንጀለስ በከፈተው ማሠልጠኛ ውስጥ ሠራ፤ ጃፓንም ሄዶ ተጋጠመ። በ2003 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ኦል ስታር በሚባል አዘጋጅ ሥር፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ለእረፍት በሚመጣባቸው መዝናኛዎች ሳይቀር ታገለ።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ጃፓንን ያደምቃሉ፤ እንግሊዝን ይዘልሏታል። እኛ ተቃራኒው ነው የሚመስለን። የስምንት ዓመት ሕፃንና አያቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስንት ዓይነት የክንድ ቁልፍ ታውቃለህ ብለው አይጠይቁህም። ክፉ ከሆንክ ገና በአረማመድህ መታወቅ አለበት። ጣትህን ተነክሰህ ስትጮኽ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መሰማት አለበት። በኋላ ሰባ ሺህ ሰው ፊት አንድ ጣት አንስቶ ስታዲየሙን ሲያስነሳ ያየነው ጥበብ የተለመደው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው።

ከሴፕቴምበር 17 ቀን 2005 እስከ ዲሴምበር 23 ቀን 2006 የሪንግ ኦፍ ኦነር ቀበቶን፣ የሻምፒዮኑን ምልክት ማለት ነው፣ ለ462 ቀናት ያዘ። በ2006 ክረምት ያደረገው እስከ ዛሬ ይወራል፤ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሙሉ 60 ደቂቃ ተጋጥሞ አቻ ወጣ። ጁላይ 29 ከናይጀል ማክጊነስ፣ ኦገስት 5 ከሳሞአ ጆ፣ ኦገስት 26 ከኮልት ካባና ጋር። ስልሳ ደቂቃ የሚሞላው በመዝለል አይደለም፤ የሚዘል ሰው በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ተንፍሶ አልቋል። አንድ አካል ይመረጣል፣ ክንድ እንበል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም መሬት ላይ ሆነው ያንኑ ክንድ ይቆልፋሉ፣ ይፈታሉ፣ ይቆልፋሉ፤ ትንፋሽም እዚያው ይቆጠባል። በአርባኛው ደቂቃ ተጋጣሚው በዚያ ክንድ መምታት ሲያቅተው ተመልካቹ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል፤ ማንም አልነገረውም።

የሦስተኛው ግጥሚያ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከካባና ጋር አምስት ደቂቃ ያህል እንደተጋጠሙ ትከሻው ከቦታው ለቀቀ፤ ደረቱ ውስጥ ሁለት ጅማት ተበጠሰ። ቀሪውን 55 ደቂቃ ጨረሰው። ይህን እንደ ጀግንነት የሚያወሩት ብዙ ናቸው፤ ለእኛ ግን መጥፎ ውሳኔ ነው። ማንም «ይብቃ» የሚል በሌለበት ትንሽ መድረክ ላይ ልጆች የሚሰበሩት በዚሁ ዓይነት ጭብጨባ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ከጃፓናዊው ታኬሺ ሞሪሺማ ጋር ሲጋጠም የዓይኑ አጥንት ተሰብሮ ረቲናው ተላቀቀ።

በ2009 ደብልዩ ደብልዩ ኢ አስፈረመው። በጁን 2010 አዲስ ገቢዎቹ ተሰብስበው መድረኩን በሚያወድሙበት ትዕይንት ላይ የሪንጉን አስተዋዋቂ በራሱ ከረባት ሲያንቀው ታየ። ለልጆች በሚተላለፍ ፕሮግራም ይህ አይደረግም ተብሎ በቀናት ውስጥ ተባረረ። ወደ ትንንሾቹ አዳራሾች ተመልሶ ሠራ፤ ኦገስት ላይ መልሰው ወሰዱት። በኤፕሪል 1 ቀን 2012 ደግሞ በዓመቱ ትልቁ ዝግጅት በሬስልማኒያ ላይ ቀበቶውን በ18 ሰከንድ ተነጠቀ። እንደ ማዋረድ ነበር። በማግስቱ ማያሚ ላይ አዳራሹ ማታውን ሙሉ የእሱን መፈክር «የስ! የስ!» (አዎ! አዎ!) እየጮኸ አመሸ። ኩባንያው ያላሰበው ነገር እዚህ ተጀመረ።

ኦገስት 2013 ጆን ሲናን አሸንፎ ቀበቶ አገኘ፤ በዚያው ምሽት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራንዲ ኦርተን ወሰደበት። ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 ፒትስበርግ ውስጥ 30 ሰዎች በቁጥር ተጠርተው በየተራ የሚገቡበት ሮያል ራምብል የሚባል ግጥሚያ ተካሄደ። ብራያን አልተካተተም። የመጨረሻው ቁጥር ሲጠራ ሬይ ሚስቴሪዮ ብቅ አለ፤ ተወዳጁ ሚስቴሪዮ ብራያን ባለመሆኑ ብቻ ተጮኸበት። ያሸነፈው ባቲስታም እንደዚያው። ታሪኩ የተጻፈው ባቲስታን ጀግና ለማድረግ ነበር፤ ተመልካቹ ግን እንቢ አለ። በዚያው ሰሞን ሌላው ታዋቂ ሬስለር ሲኤም ፓንክም ኩባንያውን ጥሎ ስለሄደ እቅዱ መቀየር ግድ ሆነ። ኤፕሪል 6 ቀን 2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ፣ ኩባንያው 75,167 ሰው ገብቷል ባለበት ስታዲየም፣ ብራያን መጀመሪያ ትሪፕል ኤችን፣ በዚያው ምሽት መጨረሻ ላይ ደግሞ ኦርተንንና ባቲስታን ገጥሞ ቀበቶውን ወሰደ። ሁለቱ ግጥሚያዎች ተደምረው ከ45 ደቂቃ በላይ ነበሩ። ያን ለመሸከም የበቃው ትንፋሽ ከየት እንደመጣ ከላይ ያነበቡት ይነግርዎታል።

«ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ኮሌጁን እየተማረ ሬስሊንግ ትምህርት ቤት ልክፈል ይላል። ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል? ምን ማጣራት አለብኝ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንዲት እናት)

እመቤት፣ መጀመሪያ ገንዘቡን እንነጋገር። ጀማሪ ሬስለር ትንሽ መድረክ ላይ ለአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ 25 ወይም 50 ዶላር ያገኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪንጉን ተሸክሞ ተክሎ፣ ነቅሎ፣ ያለ ክፍያ ተጨባብጦ የሚመለስም አለ። አንድ ምሽት ልናሰላልዎ። ደርሶ መልስ 300 ማይል ነው እንበል። በአንድ ጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መኪና 12 ጋሎን ይፈልጋል፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ50 ቢሆን 42 ዶላር ነው። ብቻውን ከነዳ ኪሳራ ነው። አራት ሆነው ከተጫኑ የእያንዳንዱ ድርሻ 10 ዶላር ከ50 ይሆናል፤ ስለዚህ ነው ሁልጊዜ አራት አራት ሆነው የሚጓዙት። ለመታገሉ 30 ዶላር ቢከፈለው ከነዳጅና ከእራት በኋላ ኪሱ ውስጥ የሚቀረው አንድ አሥር ዶላር ነው። በአንጻሩ በ9 ዶላር ያሠራውን ቲሸርት በ25 ሸጦ ስድስት ቢያወጣ 96 ዶላር አተረፈ ማለት ነው። በዚህ ደረጃ የሚያበላው ትግሉ ሳይሆን ቲሸርት የሚሸጥበት ጠረጴዛ ነው። ልጅዎ ቲሸርት ካሠራ ትልልቁን ቁጥር ያብዛ፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

የትምህርት ቤቱ ክፍያ በሺዎች ይቆጠራል። ሳይከፍሉ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ አይቻልም ካሉ ያ ራሱ መልስ ነው። ምሽቱን ሙሉ ጀማሪዎቹ አገጫቸውን ሲለቁ የሚያርማቸው ሰው አለ ወይ? ጭንቅላቱን የመታ ልጅ ያንኑ ቀን እንዲያቆም ያደርጉታል ወይስ ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል? ሸራውን ገለጥ አድርገው ጣውላውን ማየት ይችላሉ፤ በሁለት ጣውላ መካከል እግር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ለመክፈል ይጠይቁ፤ ብዙ ልጆች በመጀመሪያው ወር ትተው ይወጣሉና። ከስድስት ወር በታች ተመልካች ፊት አወጣዋለሁ የሚል አሰልጣኝ ነጻ ሠራተኛ እየፈለገ ነው።

ዋናው ግን ኢንሹራንሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅዎ እስከ 26 ዓመቱ በእርስዎ የጤና መድን ሥር መቆየት ይችላል። ኮሌጁን ጨረስኩ ብሎ ቢወጣም እንኳ ከዚያ አያስወጡት፤ ትንንሽ አዘጋጆች የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍኑለት አይምሰልዎት። ትልቁ ኩባንያ ውስጥም ሬስለሮቹ በሕግ ተቀጣሪ ሠራተኞች አይደሉም፤ እንደ ኮንትራክተር ነው የሚፈርሙት። የአውሮፕላን ቲኬትና ሪንግ ውስጥ ለደረሰ ጉዳት ሕክምናውን ኩባንያው ይከፍላል፤ ሆቴልና የኪራይ መኪና ግን ብዙዎቹ ከኪሳቸው ሲከፍሉ ኖረዋል። ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ውሉ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ የሚገኘው እንደ ቲሸርቱና እንደ ዝግጅቱ ነው።

ኮሌጁን እንዳያቋርጥ ቢነግሩት ደግሞ እውነተኛ ምክንያት አለዎት። ደብልዩ ደብልዩ ኢ በ2013 ኦርላንዶ ውስጥ ሰባት ሪንግ ያለው ማሠልጠኛ ከከፈተ ወዲህ በትንሽ መድረክ ያላለፉ የኮሌጅ ስፖርተኞችን በብዛት ይወስዳል። ስለዚህ ኮሌጁ ራሱ አንዱ በር ነው።

«ሬስለሮች ትልቅ ቤት ሲገቡ ስማቸው ለምን ይቀየራል?» (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

ስሙ የማን ነው የሚለው ነው ነገሩ። ኩባንያው ራሱ ያወጣውን ስም ያስመዘግባል፤ ሰውየው ሲለቅ ስሙ እዚያው ይቀራል። ዳንየልሰን ዳንኤል ብራያን የሆነው፣ ጆን ሞክስሊ ዲን አምብሮዝ የተባለው፣ ኬቨን ስቲን ኬቨን ኦወንስ የሆነው ለዚህ ነው። ሲኤም ፓንክና ኤጄ ስታይልስ ይዘውት የመጡትን ስም ይዘው ቀርተዋል፤ ይህ የሚገኘው ለጥቂቱ ነው።

«ሪንግ ውስጥ እንዴት ነው የሚነጋገሩት? አንዱ በእውነት ቢጎዳ ሌላው እንዴት ያውቃል?» (ከዱባይ)

አንገት በብብት ሥር ይዘው ለረጅም ጊዜ የሚቆዩትን ልብ ይበሉ። እዚያ ላይ ነው የሚወራው። የተያዘው ፊቱ ስለተሸፈነ «ገመድ፣ ጎንበስ፣ ዝለል» ብሎ ቀጣዩን ሦስት ነገር በሹክሹክታ ይነግረዋል። በድሮው ልማድ መሪው ክፉውን የሚጫወተው ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ቀድመው ይስማሙበታል፣ ለዚህም ነው አንዳንዱ ግጥሚያ ጭፈራ የሚመስለው። ዳኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለው፤ «ሦስት ደቂቃ ቀረ» የሚለው ከጀርባ በኩል ወደ እሱ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ወደ ተጋጣሚዎቹ ያደርሳል።

ለጉዳት መጀመሪያ ያለው ምልክት እጅ መጨበጥ ነው። ከከባድ ውድቀት በኋላ ዳኛው ጎንበስ ብሎ የወደቀውን እጅ ሲይዝ ካዩ እየጠየቀ ነው፤ ጨበጥ ካደረገለት ደህና ነው። ካልጨበጠ ዳኛው ሁለት ክንዱን ከጭንቅላቱ በላይ አጣምሮ የመስቀል ምልክት ያሳያል፤ ሐኪሞች ይገባሉ።

«ታናናሽ ወንድሞቼ ከሶፋ ላይ እየዘለሉ አንዱ ሌላው ላይ ይወድቃል። ምን ልበላቸው?» (ከሐዋሳ)

መከልከል ብቻውን አይሠራም፤ ምክንያቱን ያሳዩአቸው። ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩት ዘላይ ክብደቱን በጉልበቱና በእጁ ወለሉ ላይ ያሳርፋል፤ ከታች ያለው ሰው ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ልጆቹ ይህን ስለማያዩት ሙሉ ክብደታቸውን ሆድና ደረት ላይ ይጥላሉ። የቤት ወለል ደግሞ ሊሾም ይሁን ሴራሚክ አይለጠጥም። ከሁሉ በላይ አንዱ ሌላውን ገልብጦ ጭንቅላቱን ወደ ታች የሚይዝበትን በፍጹም አይፍቀዱ፤ የልምድ ባለቤቶቹን እንኳ አንገት የሰበረ ነው። ጉልበታቸውን ማውጣት ከፈለጉ የባህል ትግል አለ፤ እሱ ሣር ላይ ነው፣ አሸናፊውም እውነተኛ ነው።

«አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ሰው ትልቁን ቀበቶ ይዞ ያውቃል?» (ከነታንያ፣ እስራኤል)

አዎ፤ ኮፊ ኪንግስተን። በ1981 ጋና ውስጥ ተወለደ፣ አሜሪካ አደገ፣ ቦስተን ኮሌጅ ተማረ፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ በትንሽ መድረክ ጀምሮ በ2006 ደብልዩ ደብልዩ ኢ ገባ። በ2008 ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ጃማይካዊ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ያ ተትቶ ጋናዊነቱ ተነገረ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ሌላ ሬስለር ሲጎዳ ተተክቶ ገባ፣ ተመልካቹ ወደደው፣ ኤፕሪል 7 ላይ ኒው ጀርዚ ውስጥ በሬስልማኒያ አሸነፈ። የተሸነፈው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ዳንኤል ብራያን። ያኔ ክፉውን ገጸ ባሕርይ ይጫወት ነበር፤ የቆዳውን ቀበቶ ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ ለተፈጥሮ የሚስማማ ነው ብሎ ከሄምፕ የተሠራ ቀበቶ ይዞ ይዞር ነበር። የክፉው ሥራ ደጉን ማንሳት ነው። ብራያን ከአምስት ዓመት በፊት ለራሱ የተደረገለትን ያን ምሽት ለኪንግስተን አደረገለት። ኪንግስተን ቀበቶውን ኦክቶበር 4 ቀን 2019 በብሮክ ሌስናር አሥር ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ተነጠቀ።

«ብራያን አንዴ አቆምኩ ብሎ ተሰናብቶ ነበር። ለምን ቆመ? ለምን ተመለሰ? አሁንስ?» (ከመቀሌ)

ከ2014ቱ ድል በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ሜይ ላይ የአንገት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ቀበቶውም ተወሰደበት። በ2015 ተመለሰ፣ እንደገና ተጎዳ። በሥራ ዘመኑ የተጠራቀመው የጭንቅላት ምት ብዙ ነበር፤ የሚጥል በሽታ ምልክትም ታይቶበት ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016 ሲያትል ላይ፣ በገዛ ግዛቱ ተመልካች ፊት ተሰናበተ። ለሁለት ዓመት ልዩ ልዩ ሐኪሞች ዘንድ ምርመራ አድርጎ በማርች 2018 ፈቃድ አገኘ። በሴፕቴምበር 2021 ተወዳዳሪ ወደሆነው ኤ ኢ ደብልዩ ተሻገረ፤ ትክክለኛ ስሙን ብራያን ዳንየልሰንን መልሶ ያገኘውም ያኔ ነው።

ኦገስት 25 ቀን 2024 ለንደን፣ ዌምብሌ ላይ የኤ ኢ ደብልዩ ቀበቶን ወሰደ። አንገቱ ግን ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅበት ደረጃ ላይ ነበር። ይህን ቀበቶ ባጣሁ ቀን የሙሉ ጊዜ ሥራዬ ያበቃል ብሎ አስቀድሞ አሳውቆ ነበር። ኦክቶበር 12 ላይ ታኮማ ውስጥ፣ ተወልዶ ካደገበት አበርዲን በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በጆን ሞክስሊ ተሸነፈ።